መድኃኒት በምን ይመዘናል? ስለ ሳምባ ካንሰር ሕክምና የተደረገ ንግግር

የሰው ልጅ ደዌ ሲያገኘው መድኃኒት መሻቱ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ጠባዩ ነው። መድኃኒት ብዙ ነው፤ አመስጋኙም ብዙ ነው። አንዱ «እኔን ያዳነኝ ይህ ሥር ነው» ይላል፤ ሌላው «ወንድሜን ያስነሣው ያ መርፌ ነው» ይላል። ሁለቱም ያዩትን የሚናገሩ እንጂ ሐሰተኞች አይደሉም። ነገር ግን ሕመምተኛው ያለ መድኃኒቱም ይድን እንደ ነበረ፥ ወይም ሌላ መድኃኒት ቢሰጠው ይበልጥ ይሻለው እንደ ነበረ በምን ይታወቃል? በራዲዮ ያሰማሁት፥ ዛሬም በዚህ ጋዜጣ ለእናንተ የቀረበው ንግግሬ የተመሠረተው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ለምሳሌ የመረጥሁትም ከከባዶቹ ደዌዎች አንዱ የሆነውን የሳምባ ካንሰርን፥ እርሱንም ለመቋቋም መድኃኒቶችን እያጣመሩ ሐኪሞች ያደረጉትን ረጅም ፈተና ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አመለክታለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስሙን ማጥራት ያስፈልጋል። በቋንቋችን «የሳምባ ነቀርሳ» የምንለው በሽታ ሌላ ነው፤ «የሳምባ ካንሰር» የምንለውም ሌላ ነው። ነቀርሳ የሚለው ቃል ለሁለቱም ሲነገር ስለሚሰማ ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል። የሳምባ ነቀርሳ በዐይን በማይታይ ተሕዋስ የሚመጣ፥ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፥ መድኃኒቱን በሥርዐቱ ወስዶ ለሚጨርስ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚድን በሽታ ነው። የሳምባ ካንሰር ከውጭ የገባ ጠላት አይደለም፤ የገዛ ሰውነታችን ሕዋስ፥ ሐኪሞች ሴል የሚሉት፥ ሥርዐቱን ጥሶ ያለ ልክ ሲራባ የሚፈጠር ዕጢ ነው። ስለዚህም በትንፋሽም ሆነ በዕቃ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሁለቱም የማያቋርጥ ሳልን፥ ክሳትን፥ አንዳንድ ጊዜም ደም መትፋትን የሚያመጡ በመሆናቸው፥ ነቀርሳ በበዛባቸው አገሮች ካንሰር ያለበት ሰው የነቀርሳ መድኃኒት ሲወስድ ወራት የሚያልፉበት ጊዜ አለ። ልዩነቱን የሚለየው ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

የሚያስደንቀው ግን እነዚህ ሁለት ስመ ተመሳሳይ በሽታዎች በምርምር ታሪክም የተገናኙ መሆናቸው ነው። ሐኪሞች ዛሬ የካንሰርን መድኃኒት የሚመዝኑበትን ሚዛን ያስተማራቸው የሳምባ ነቀርሳ ነው። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ ከተገኘ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ሊያገኝ የቻለው ጥቂት ብቻ ነበር። ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ ለማን ይሰጥ? አውስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባሉት የስታቲስቲክስ ሊቅ ይህን ችግር ወደ ጥበብ ለወጡት። ሕመምተኞቹ በዕጣ ሁለት ወገን ሆኑ። 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋራ አገኙ፤ 52ቱ በጊዜው የተለመደውን የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። ከስድስት ወር በኋላ ከ55ቱ 4 ሰዎች ሲሞቱ ከ52ቱ 14 ሰዎች ሞተው ነበር። ውጤቱ በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ።

ዕጣ ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። ሐኪም ሰው ነው፤ ልቡ የሚራራለትን ወይም የመዳን ተስፋ አለው ብሎ የሚያስበውን ሕመምተኛ ለአዲሱ መድኃኒት ይመርጣል። እንዲህ ከሆነ በመጨረሻ የሚታየው የመድኃኒቱ ኀይል ሳይሆን የምርጫው ውጤት ይሆናል። ዕጣ ግን አያዳላም፤ ብርቱውንም ደካማውንም በሁለቱ ወገን ያከፋፍላል። ከዚያ በኋላ ልዩነት ቢታይ ከመድኃኒቱ የመጣ ነው ለማለት ይቻላል።

ያው ፈተና ሁለተኛ ትምህርትም ሰጠ። መድኃኒቱ ለብቻው ሲሰጥ ከጥቂት ወራት በኋላ ተሕዋሱ እየለመደው ስለ ሄደ ድነው የነበሩት ብዙዎች ተመልሰው ታመሙ። በ1950 ዓ.ም. የታተመው ቀጣይ ፈተና እንዳሳየው ግን ሁለተኛ መድኃኒት ሲጨመርበት ተሕዋሱ በቀላሉ መልመድ አቃተው። አንዱን የሚያመልጥ ሁለተኛው ይይዘዋልና። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ለሰው ኅብረት ነበር፤ በመድኃኒት ዘንድም እውነት ሆኖ ተገኘ።

በዚያው በ1950 ዓ.ም. ብራድፎርድ ሂል ከሪቻርድ ዶል ጋራ ሆነው፥ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የተኙ ሕመምተኞችን ጠይቀው፥ ትምባሆ ማጨስ የሳምባ ካንሰርን የሚያመጣ ዋና ምክንያት መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ። መንስኤው እንዲህ ሲገለጥ መድኃኒቱ ገና አልተገኘም ነበር።

የካንሰር መድኃኒት አመጣጥ እንግዳ ነው። መጀመሪያ የተገኘው ለጦርነት ከተሠራ መርዝ ነው። በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ ሊቃውንት ከሰናፍጭ ጋዝ ዘመድ የሆነውን መርዝ ሲመረምሩ፥ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደሚያጠፋ አይተው በ1942 ዓ.ም. የንፍፊት ካንሰር ለያዘው ሰው ሰጡት። ዕጢው ሟሸሸ፤ ነገር ግን ተመልሶ መጣ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ባርኔት ሮዘንበርግ በሚሺጋን ግዛት በባክቴሪያ ላይ የኤሌክትሪክን ኀይል ሲፈትኑ፥ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቁመው እንደ ክር እየረዘሙ ሄዱ። ነገሩን ሲከታተሉት ይህን ያደረገው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከሽቦው ጫፍ የሟሟው ፕላቲነም የተባለው ማዕድን ሆኖ ተገኘ። ከዚህም ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ወጣ። ፓክሊታክሰል የተባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ከሚበቅል ዛፍ ልጥ የተገኘ ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የካንሰር ምርምር ተቋም የነበሩ ሐኪሞች ከነቀርሳ የተገኘውን ትምህርት ይዘው ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠት ጀመሩ። በልጆች የደም ካንሰር ላይ የተገኘው ውጤት ታላቅ ተስፋ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ «ለሳምባስ?» የሚለው ጥያቄ የብዙ ሐኪሞች ሐሳብ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። የሳምባ ካንሰር በጊዜ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ተቈርጦ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚታወቀው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል፥ ወደ ጉበት፥ ወደ አጥንት፥ ወደ አንጎል ከተሠራጨ በኋላ ነው። የተራመደ ካንሰር የምንለው ይህ ነው። ቢላዋ አይደርስበትም፤ ሊደርስበት የሚችለው በደም የሚዞር መድኃኒት ነው። መድኃኒቱም ቶሎ ቶሎ የሚራባን ሕዋስ ሁሉ የሚመታ እንጂ ጠላትና ወዳጅ አጥርቶ የሚለይ አይደለም። ፀጉር የሚያበቅሉትን፥ የሆድ ዕቃን የሚሸፍኑትን፥ በአጥንት መቅን ውስጥ ደም የሚሠሩትን ሕዋሳትም ይመታል። ስለዚህ ፀጉር ይረግፋል፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይመጣል፤ ሰውነት ተሕዋስን የሚከላከልበት ነጭ ደም ያንሳል። ሲስፕላቲን በተለይ ኵላሊትን፥ መስማትንና የእጅና የእግር ጅማትን ይጎዳል። እንግዲህ ጥያቄው መድኃኒቱ ዕጢውን ያሟሽሻል ወይ የሚል ብቻ አይደለም። ለሕመምተኛው የሚሰጠው ከሚወስድበት ይበልጣል ወይ የሚል ነው።

የመጀመሪያው መልስ የተገኘው ቀስ በቀስ ነው። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ 52 ፈተናዎች፥ 9,387 ሕመምተኞችን የያዙ፥ በአንድነት ተመርምረው ውጤቱ በ1995 ዓ.ም. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ምርመራው የተደረገው ከሳምባ ካንሰር ዐይነቶች አብዛኛውን ክፍል በሚይዘው፥ ሐኪሞች «ትንሽ ሕዋስ ያልሆነ» በሚሉት ላይ ነው። በዚህም ለረጅም ጊዜ ይሰጡ የነበሩት የጥንቶቹ መድኃኒቶች ከመጥቀም ይልቅ ወደ መጉዳት ያደሉ ሆነው ተገኙ። በቅን ልቡና የተሰጠ መድኃኒት ዕድሜ ሲያሳጥር ኖሮ ነበር ማለት ነው፤ ይህም ሳይመዘን ቢቀር ኖሮ ማንም ባላወቀው ነበር። ሲስፕላቲን ያለበት ሕክምና ግን የተራመደ ካንሰር ላለባቸው ሰዎች ጠቀመ። ሕመም ማስታገሻና እንክብካቤ ብቻ ካገኙት ይልቅ ሲስፕላቲን ከተጨመረላቸው ከመቶው ዐሥር ያህል ሰዎች በዓመቱ መጨረሻ በብልጫ በሕይወት ተገኙ።

ከመቶ ዐሥር ለሰሚ ጥቂት ሊመስል ይችላል። የልጁን ሠርግ ለማየት፥ የተጣላውን ለመታረቅ፥ ቤቱን ለማስተካከል ለሚሻ ሰው ግን የወራት ዋጋ በቍጥር አይነገርም። ቢሆንም ፈውስ አይደለም፤ ፈውስ ነው ብሎ መናገርም ሕመምተኛውን ማታለል ነው።

ቀጥሎ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ፤ ከሲስፕላቲን ጋራ የሚጣመረው የትኛው ይሁን? በ1990ዎቹ ዓመታት ብዙ አዳዲስ መድኃኒቶች ስለ ወጡ እያንዳንዱ ሐኪም የሚያምንበት የየራሱ ጥምረት ነበረው። ይህንን ለመለየት የምሥራቅ የካንሰር ሕክምና ኅብረት ተብሎ ይታወቅ የነበረው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ከጥቅምት 1996 እስከ ግንቦት 1999 ዓ.ም. ድረስ 1,207 ሕመምተኞችን በዕጣ አራት ወገን አድርጎ መደበ። አንዱ ወገን ሲስፕላቲንና ፓክሊታክሰል፥ ሁለተኛው ሲስፕላቲንና ጄምሲታቢን፥ ሦስተኛው ሲስፕላቲንና ዶሴታክሰል፥ አራተኛው ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል አገኘ። ካርቦፕላቲን የሲስፕላቲን ታናሽ ወንድም የሆነ፥ ለኵላሊት የቀለለ መድኃኒት ነው። በመጀመሪያው ወገን ፓክሊታክሰል በደም ሥር የሚንጠባጠበው 24 ሰዓት ሙሉ ሲሆን፥ በአራተኛው ወገን በ3 ሰዓት ያልቅ ነበር። ውጤቱ በጥር 2002 ዓ.ም. ታተመ።

የትኛው አሸነፈ? የትኛውም አላሸነፈም። በአጠቃላይ ከመቶው 19 በሚሆኑት ሕመምተኞች ዕጢው በሚገባ ሟሸሸ። ሁሉም በሕይወት በቈዩበት ጊዜ ቅደም ተከተል ቢሰለፉ የመካከለኛው ሰው ዕድሜ 7.9 ወር ሆነ። ከመቶ 33 ሰዎች አንድ ዓመት፥ ከመቶ 11 ሰዎች ሁለት ዓመት ደረሱ። በአራቱ ወገን መካከል በዕድሜ ረገድ ሚዛን የሚደፋ ልዩነት አልተገኘም።

ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ሕመምተኛ ተቀብሎ፥ ከሺህ በላይ ሰው አሳትፎ፥ «አራቱም እኩል ናቸው» ከማለት ሌላ ምን ጥቅም አለው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን የዚህ ምርመራ ትልቁ ፍሬ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። አንደኛ፥ ዕድሜን እኩል የሚያረዝሙ ከሆነ የሚመረጠው ሥቃዩ የቀለለው ነው። ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል ከሌሎቹ ያነሰ ጉዳት ስላደረሰ ማኅበሩ ለሚቀጥሉት ፈተናዎቹ መነሻ እንዲሆን መረጠው፤ ሕመምተኛም 24 ሰዓት ከመታሰር ዳነ። ሁለተኛ፥ ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ የሕመምተኛው ብርታት እንደሚወስን ታወቀ። ያለ ችግር ወጥተው ይገቡ የነበሩት ሕመምተኞች መካከለኛ ዕድሜ 10.8 ወር ሲሆን፥ ሥራ መሥራት አቅቶአቸው የቀኑን ጥቂት ክፍል በአልጋ ያሳልፉ የነበሩት ግን 3.9 ወር ብቻ ነበረ። እነዚህ ደካሞች በመድኃኒቱ ብርቱ ጉዳት ስለ ደረሰባቸው ፈተናው ገና ሳያልቅ እነርሱን መቀበል ቀረ። ደካማን በብርቱ መድኃኒት ማከም ርኅራኄ መስሎ መከራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሁለት ከጠቀመ ሦስት አይበልጥምን የሚለውም ጥያቄ ተመዝኖአል። በ2004 ዓ.ም. የታተመ፥ 65 ፈተናዎችንና 13,601 ሕመምተኞችን ያጠቃለለ ምርመራ እንደ ገለጠው፥ ለአንዱ መድኃኒት ሁለተኛ ሲጨመር አንድ ዓመት የሚደርሱት ከመቶ 30 ወደ 35 ከፍ ይላሉ። ሦስተኛ ሲጨመር ግን የሚሟሽሸው ዕጢ ቢበዛም ዕድሜ አልተጨመረም፤ የተጨመረው ሥቃዩ ነው። እንግዲህ ድሩ ማበሩ መልካም ነው፤ ልኩ ካለፈ ግን የሚያስረው አንበሳውን ሳይሆን ሕመምተኛውን ነው። ዕጢ መሟሸሹ በፎቶግራፍ ታይቶ ሐኪምን ደስ ያሰኛል፤ ሕመምተኛው የሚፈልገው ግን ዕድሜና ዕረፍት ነው።

ዕረፍትን በሚመለከት በ2010 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ፈተና አለ። በቦስተን ከተማ የተሠራጨ የሳምባ ካንሰር ያለባቸው 151 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፥ አንዱ ወገን የተለመደውን ሕክምና ብቻ፥ ሌላው ደግሞ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሕመምን፥ ጭንቀትንና የቤተ ሰብን ችግር የሚከታተሉ ባለሙያዎችን ጭምር አገኘ። እነዚህኞቹ በመጨረሻ ዘመናቸው ያገኙት ብርቱ መድኃኒት ያነሰ ሆኖ ሳለ፥ ኑሮአቸው የተሻለና ዕድሜአቸውም የረዘመ ሆኖ ተገኘ፤ መካከለኛው 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ወር ነበረ። አጠገብ ተቀምጦ መጠየቅና ሕመምን ማስታገስም እንደ መድኃኒት ሊመዘን እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። በ2009 ዓ.ም. የታተመ በምሥራቅ እስያ የተደረገ ፈተና፥ በዕጢያቸው ውስጥ ልዩ ለውጥ ላለባቸው ሰዎች የሚዋጥ ኪኒን ከካርቦፕላቲንና ከፓክሊታክሰል ጥምረት ይልቅ በሽታውን ለረጅም ጊዜ እንደሚገታ አሳየ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የሰውነትን የራሱን መከላከያ የሚያነሣሣ መድኃኒት ፕላቲነም ካለበት ጥምረት ጋራ በ616 ሰዎች ተፈተነ። ከአንድ ዓመት በኋላ ጥምረቱን ብቻ ካገኙት ከመቶ 49፥ አዲሱ ከተጨመረላቸው ከመቶ 69 በሕይወት ተገኙ። ይህ ታላቅ እርምጃ ሊታወቅ የቻለው አሮጌው ጥምረት ልኩ አስቀድሞ ተለክቶ ስለ ነበረ ነው። የ1999 ዓ.ም. ሕመምተኞች ያቆሙት መለኪያ ለኋለኞቹ መሰላል ሆነ።

ሕመምተኛን በዕጣ ማከም ጭካኔ አይደለምን ብሎ የሚጠይቅ ቅን ሰው ይኖራል። ጭካኔ የሚሆነው ሐኪሙ የሚሻለውን እያወቀ ቢደብቅ ነው። ዕጣ የሚፈቀደው የሚሻለው የትኛው እንደ ሆነ ሐኪሞች በእውነት ሳያውቁ ሲቀሩ ብቻ ነው። በ1964 ዓ.ም. የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ካወጣው መግለጫ ወዲህም የሕመምተኛው ደኅንነት ከምርምሩ ጥቅም እንዲቀድም ተደንግጎአል። ሕመምተኛው ሁሉ ተነግሮት፥ ገብቶት፥ ፈቅዶ ይገባል፤ በፈለገም ጊዜ ያለ ቅጣት ይወጣል። እነዚያ 1,207 ሰዎች ብዙዎቹ ውጤቱ ሲታተም በሕይወት አልነበሩም። ከቀራቸው ጥቂት ዘመን ከፍለው ለማያውቁት ሰው እውቀት አወረሱ። ስማቸው በመጽሔት አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን በየሆስፒታሉ አለ።

የተከበራችሁ አንባብያን፤

ከዚህ ሁሉ ለየቤታችን የሚሆን ምክር እናውጣ። ካንሰርን አጠፋለሁ የሚል መድኃኒት ሲነገራችሁ፥ ከባሕል አዋቂም ሆነ ከዘመናዊ ሻጭ፥ «በስንት ሰው ተፈተነ? ከምን ጋራ ተመዘነ? ዕድሜና ዕረፍት ጨመረ ወይስ ዕጢ ብቻ አሟሸሸ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ሰው ገንዘባችሁን እንጂ ሕመማችሁን አይወስድላችሁም። ሐኪማችሁንም «ይህ መድኃኒት ምን ይሰጠኛል? ምን ይወስድብኛል? ሰውነቴ ይችለዋልን?» ማለት ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው። ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል ወይም ደም ያለበት አክታ ያለው ሰውም ቤቱ ተቀምጦ አይጠብቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ነቀርሳም ቢሆን ካንሰርም ቢሆን በጊዜ የተገኘ ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዕጣ መከፋፈል የማያሻው፥ ሥቃይ የሌለበት መከላከያ ነው፤ ይኸውም ከትምባሆ መራቅ ነው። በአገራችን በ2019 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ስፍራ ማጨስን ከልክሎአል። አዋጁ የሚሠራው ግን በየቤቱ አባት ለልጁ፥ ታላቅ ለታናሹ ምሳሌ ሲሆን ነው። ያላጨሰም ሰው በዚህ በሽታ ሊያዝ ስለሚችል የታመመውን ሁሉ «በገዛ እጁ ነው» ብሎ መውቀስ አይገባም። የሚያጨስ ሁሉ ዛሬ ቢተው ግን ነገ ከዚያ ሚዛን ላይ የሚወጣው ሕመምተኛ ቍጥር በእርግጥ ያንሳል።